ሰሊጡን አትጭመቁት

ክቡራን የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ ላኪዎች፣ የዘይት ፋብሪካ ባለቤቶች፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየን ኃላፊዎች፣ ከሑመራ፣ ከመተማና ከወለጋ የመጣችሁ አምራቾች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ የአገራችን የግብርና፣ የደንና የዓሣ ምርቶች የንግድ ሚዛን ነው። ሰፊ ርዕስ ነው። ስለ ቡና ብዙ አልልም፤ በ2017 በጀት ዓመት ብቻውን ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፣ ምስጋናውንም አግኝቷል። እኔ የመጣሁት ስለ ሰሊጥና ስለ ዘይት ለመናገር ነው።

በየጉባኤው የምንሰማው አንድ አባባል አለ፤ «ጥሬ ሰሊጥ ልከን ዘይት ማስመጣት አሳፋሪ ነው።» ዛሬ ጠዋትም እዚሁ ተብሏል፣ ተጨብጭቦለታልም። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ለስሌት እንዲመቸን የአንድ ቶን ሰሊጥ ዋጋ 1,500 ዶላር፣ የአንድ ቶን ፓልም ዘይት ደግሞ 1,000 ዶላር ነው እንበል። ሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ በመጭመቂያ ሲወጣ ግን የተወሰነው ፋጉሎው፣ ማለትም ከጭመቃ የሚተርፈው ተረፈ ምርት፣ ውስጥ ስለሚቀር ከአንድ ቶን 450 ኪሎ ብታገኙ ጥሩ ሠርታችኋል። 450 ኪሎው ከውጭ የሚገባውን ፓልም ሲተካ የሚያድነው 450 ዶላር ነው። ፋጉሎውን በደህና ዋጋ ሸጣችሁ 130 ዶላር ጨምሩበት። 580 ሆነ። 1,500 የሚያወጣ እህል 580 አደረጋችሁት ማለት ነው፤ መብራቱ፣ ጉልበቱና የባንክ ወለዱ ገና አልተነካም። ያንኑ ቶን በጥሬው ብትሸጡት ግን በገንዘቡ አንድ ቶን ተኩል ፓልም ይገዛል። ጨምቃችሁ ካገኛችሁት ዘይት ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ የቱ ነው የሚያሳፍረው?

ዋጋው ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ሆኖም የሰሊጥ ቶን ከፓልም ቶን በላይ እስከተሸጠ ድረስ ውጤቱ አይገለበጥም። የሑመራን ነጭ ሰሊጥ የእስራኤል ጣሂኒ (ከሰሊጥ የሚፈጭ ማባያ) ሠሪ የሚፈልገው ለጣዕሙና ለቀለሙ ነው። ይህንን መጥበሻ ላይ ከሚፈስ ተራ ዘይት ጋር ማወዳደር የተሳሳተ ነው።

«ፋብሪካዎቹስ ምን ይጭመቁ?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ተክለን ቅባት እህል አጥተው ድፍድፍ ፓልም አስመጥተው የሚያጣሩበት ሁኔታ ላይ ደርሰናል። መልሱ አኩሪ አተር፣ ሱፍ፣ የጥጥ ፍሬና ኑግ ነው። አኩሪ አተር ዘይቱ ከ18 እስከ 20 በመቶ ብቻ ስለሆነ በመጭመቂያ ብቻ አያዋጣም፤ መጭመቂያው ፋጉሎው ውስጥ ከ6 እስከ 7 በመቶ ዘይት ትቶ ይወጣል። ሄክሴን በሚባለው ፈሳሽ አሟምቶ የሚያወጣ መሥመር ያስፈልገዋል። ትርፉም በአብዛኛው ያለው ለዶሮ መኖ በሚሆነው ፋጉሎ ላይ ነው። እንግዲህ የዶሮ እርባታው ካላደገ የአኩሪ አተር ዘይትም አይኖርም። እኛ ግን አኩሪ አተሩን ራሱን በጥሬው እየላክን ሰሊጡን ጭመቁ እንባባላለን።

የሰሊጡ ገንዘብ ፈስሶ የሚጠፋው ሌላ ቦታ ነው፤ ማሳው ላይና መጋዘኑ ውስጥ።

ሰሊጥ የታችኛው ቆባ ቢጫ ሲሆንና ገና ሳይከፈት ይታጨዳል። ሠራተኛ ጠፍቶ ከዘገየ ቆባው ይከፈትና ፍሬው መሬት ይቀራል። የታጨደው ታስሮ በሂላ፣ ማለትም ነዶው ተደጋግፎ፣ ይቆማል፣ ሲደርቅ ተገልብጦ ይራገፋል። ሸራ ላይ ከተራገፈ ንጹሕ ነው። ባዶ መሬት ላይ ከተራገፈ ግን አፈር፣ ጠጠርና የከብት እበት ይዞ ይነሣል። ጠጠሩን ማሽን ይለየዋል። ከእበቱ ጋር የመጣውን ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ግን ማበጠሪያ አያወጣውም። የአውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያን ሰሊጥ ለሳልሞኔላ በተጠናከረ ቁጥጥር ውስጥ ያስገባው ለዚህ ነው። ወደብ ላይ ናሙና ተወስዶ ውጤት እስኪመጣ የሚቆመው ኮንቴይነር ኪራይ ይቆጥራል፤ ገዢው ያንን አስቀድሞ ከዋጋችሁ ላይ ይቀንሰዋል። የአንድ ሸራ ዋጋ ከዚህ ጋር ምን ያህል ነው?

የ2000 ዓ.ም የጃፓን ጉዳይ ከመካከላችሁ ብዙዎቹ የሚያስታውሱት ነው። ጃፓን የቡናችን ዋና ገዢ ከነበሩት አንዷ ነበረች። በምርመራ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘ። የእኛ ገበሬ ቡናው ላይ ያን መድኃኒት አይረጭም፤ ከየት መጣ? ሲጣራ ጣቱ ወደ ጆንያው አመለከተ። ቡናው ጤነኛ ነበር፣ የተበከለው የተሞላበት ጆንያ ነበር። የዓመታት ደንበኛ እጁን ሰበሰበ። ቡና ሲባል የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስላችኋል፤ ግን ዛሬ ሰሊጥ በምን ጆንያ ነው የሚሞላው? ማዳበሪያ የነበረበት፣ መድኃኒት የተራገፈበት ጆንያ በየመጋዘኑ ስንት አለ? ባለመጋዘኖች እዚህ አላችሁ፤ ስትመለሱ ቁጠሩት።

እሴት መጨመር ከፈለግን መንገዱ የተፈተገ ሰሊጥ ነው። እህሉ ይበጠራል፣ ጠጠሩ ይለያል፣ ይነከራል፣ ቅርፊቱ በፍትግ ይላቀቃል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በቀለም መለያ ማሽን ያልፋል። ከአንድ ቶን 820 ኪሎ ገደማ ይወጣል። ስለዚህ በ1,500 የገዛችሁት ሰሊጥ ተፈትጎ ቶኑ ከ1,830 ዶላር በታች ከተሸጠ፣ ወጪውን ሳንቆጥር እህሉ ብቻ አክስሯችኋል። ሥራውን የሚያበላሸው በአብዛኛው የመብራት መቋረጥ ነው። እርጥብ ሰሊጥ ማድረቂያ ውስጥ እያለ መብራት ከሄደ በሰዓታት ውስጥ መምገግ ይጀምራል፣ ባክቴሪያውም ይራባል። ለማድረቂያው ጄኔሬተር ያልያዘ ሰው መፈተጊያ አይትከል።

አሁን ላኪዎች አትቆጡኝ። የወለጋን ሰሊጥ ከሑመራው ደባልቆ በሑመራ ስም የሚልክ አለ፤ ገዢው አንዴ ይታለላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ንጹሑንም በድብልቁ ዋጋ ይገዛችኋል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ሰሊጡን አገር ውስጥ ከገዛበት ዋጋ በታች ውጭ ሽጦ፣ ዶላሩን ይዞ ዕቃ እያስመጣ ኪሳራውን ሸማቹ ላይ ሲያካክስ የኖረው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ላኪ ሳይሆን አስመጪ ነበር! ሰሊጣችንን ዓለም ገበያ ላይ ያረከሰው እሱ ነው፤ የሚያመርተውን ገበሬም የሚያቀነባብረውንም ከጨዋታ ያስወጣው እሱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ለማግኘት ሲባል በኪሳራ የመላኩ ሰበብ ብዙ ጉልበቱን አጥቷል። ከእንግዲህ በኪሳራ የሚልክ ካለ ምክንያቱን ለዚህ ጉባኤ ያስረዳ።

ስለ ደን ባጭሩ። የመተማ ዕጣን ዛፍ በመንጋፍ፣ ማለትም በመፋቂያው መሣሪያ፣ በየወቅቱ ደጋግሞ እየተፋቀ ማገገሚያ አያገኝም፤ ችግኙንም ከብትና እሳት ይጨርሱታል። ዛፉን በየተራ ማሳረፍ ግድ ነው። ዓሣን በተመለከተ የጣና የዓሣ ኳንታ ወደ ሱዳን ይሄድ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ የሚጎድለው በረዶና ማቀዝቀዣ ነው፣ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

የሰሊጥ አጨዳ መስከረም መጨረሻ ላይ ይጀምራል። ዩኒየኖች ከዚያ በፊት ሸራና አዲስ ጆንያ ለአባሎቻችሁ በብድር አድርሱ፣ ክፍያውንም ከምርቱ ቁረጡ። የፋብሪካ ባለቤቶች ደግሞ ከፓዌና ከወለጋ የአኩሪ አተር አምራቾች ጋር ከዘር በፊት ዋጋ የተቆረጠበት ውል ፈርሙ። ሰሊጡን ለላኪው ተዉለት።

አመሰግናለሁ።