ቤቱ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ ይከለል

የተከበራችሁ የደሴ አባቶችና እናቶች፣ የምክር ቤት አባላት፣ ከፕላንና ከባህል መሥሪያ ቤቶች የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ ከሥራ ወጥታችሁ ቤት ሳትገቡ እዚህ የተገኛችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከተማችን አሮጌ ሰፈሮቿን፣ ፒያሳን፣ አረብ ገንዳንና የአይጠየፍን ዙሪያ፣ ወሰን አስምራ በሕግ የተጠበቁ ታሪካዊ ሰፈሮች ታድርግልን።

ስለ ቅርስ ስናወራ ሁልጊዜ የምንቆጥራቸው አሉ። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ፣ መርሆ ግቢ፣ ሙዚየም የሆነው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ፣ መድኃኔ ዓለም፣ የሸዋ በር መስጊድ። እነዚህን ማንም አይረሳቸውም። የሚረሳው በመካከላቸው ያለው ነው፦ የነጋዴው ሱቅ፣ በረንዳው፣ ከሱቁ ጀርባ ያለው ግቢ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈው መተላለፊያ። አዳራሹ ቆሞ ዙሪያው ሁሉ ቢፈርስ፣ ለልጆቻችን የምናሳያቸው አንድ ሕንፃ ይኖረናል፤ ደሴ ግን ምን ትመስል እንደነበር ማሳየት አንችልም።

ደሴ በአንድ ሰው እጅ የተሠራች ከተማ አይደለችም። አፄ ዮሐንስ በ1875 ሰፈሩባት፤ ንጉሥ ሚካኤል መቀመጫቸው አደረጓት፤ ሰኞ ገበያ ከየወረዳው ሰው ጠራ፤ የየመን ነጋዴዎች መጥተው ሱቅ ከፈቱ፤ ጣሊያን በኅዳር 1928 በአውሮፕላን ደበደባት፣ ቆይቶም ገብቶ የራሱን ሕንፃ ጨመረ። ይህን ሁሉ አንድ ቤት ብቻውን ሊነግረን አይችልም። ቤቶቹ ተያይዘው ሲቆሙ ነው የሚነበበው።

ሌሎች ከተሞች ይህን እንዴት እንዳደረጉት በአጭሩ ልንገራችሁ። በአሜሪካ ቻርለስተን የምትባል የወደብ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1931 አንድ አሮጌ ሰፈር በካርታ ከልላ፣ በክልሉ ውስጥ የሚሠራውንና የሚታደሰውን የሚመለከት ቦርድ አቋቋመች። ኒውዮርክ ደግሞ ትልቁ የፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያዋ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ሲፈርስ እያየች ነው የነቃችው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ሕግ አወጣች፣ በዚያው ዓመትም ብሩክሊን ሃይትስ የተባለውን ሰፈር ከለለች። የኒውዮርክ አሠራር ይህን ይመስላል፦ ባለሙያዎች እያንዳንዱን ቤት እየዞሩ ይመዘግባሉ፤ ወሰኑ በካርታ ይሰመራል፤ ነዋሪው በአደባባይ ይደመጣል፤ በሕጉ የተቋቋመው የቅርስ ኮሚሽን ድምፅ ይሰጣል፤ የከተማው ምክር ቤትም ውሳኔውን ሊያሻሽል ወይም ሊሽር ይችላል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ የቤቱን ፊት ከመቀየሩ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል እንጂ ቤቱን አይነጠቅም።

ሩቅ አገር አልበቃኝም የሚል ካለ ሐረር አለች። በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ጀጎል በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባችው ሰው እየኖረባት፣ እየተጋባባትና እየነገደባት ነው።

ሕጉም አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ተሰባስበው የሚገኙበትን አካባቢ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የተከለለ ሥፍራ አድርጎ ሊያውጅ እንደሚችል ይናገራል። ከታወጀ በኋላ ያለ ፈቃድ ሕንፃ መሥራት፣ መንገድ ማውጣት፣ መቆፈር አይቻልም። ይህ ከላይ የሚመጣ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል። በእጃችን ያለው ግን የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት በሚዘጋጅ የአካባቢ ልማት ፕላን የሕንፃ ከፍታን፣ የመሬት አጠቃቀምንና የውስጥ መንገድን በሰፈር ደረጃ መወሰን ይቻላል። እዚያ ላይ እንጀምር ነው የምለው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ከእነዚህ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ናቸው። በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የወር ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ። ተከራዩ ባለቤት ስላልሆነ ልቡ አርፎ አያድስም፤ አስተዳደሩም ከሚሰበስበው ኪራይ ቆርቆሮ መቀየር እንኳ ይከብደዋል። ጣራው ያፈሳል፣ ግድግዳው ይርሳል፣ ምሰሶው ይበሰብሳል፣ በመጨረሻም መሐንዲስ መጥቶ «ለኑሮ አደገኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። የጻፈውም እውነት ነው። ቤቱን ግን የገደለው ዕድሜው አይደለም፤ ጠያቂ ማጣቱ ነው።

ስለዚህ ሰፈሩን ከልለን ነዋሪውን በሚያፈስ ጣራ ሥር «አትንካ» ብለን የምንተወው ከሆነ፣ እኔ ራሴ ክለላውን እቃወማለሁ። የቅርስ አዋጁ የጥገና ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ሊያግዝ እንደሚችል ይፈቅዳል። ከተማችንም ከክለላው ጋር የጥገና በጀት ትያዝ፣ ለነባር ተከራዮች የመቆየት ዋስትና ትስጥ። ወጥ ቤትና መጸዳጃ ቤት የመጨመር ጥያቄ በአጭር ቀን መልስ ያግኝ። ደንቡ የሚመለከተው ከመንገድ የሚታየውን ይሁን፤ ውስጡን ነዋሪው እንደሚመቸው ያድርግ። በታደሱ ሰፈሮች ኪራይ ንሮ ድሆች እንደሚገፉ በአሜሪካም በአውሮፓም ታይቷል። በደሴ እንዲህ ከሆነ የጠበቅነው ግድግዳውን ብቻ ነው።

መሬት ጠባብ ነው የምትሉኝ እውነታችሁን ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ወደ ጎን እንደልቧ አትሰፋም፤ ፎቅ ያስፈልጋታል። ይሠራ። የምንለምነው ፎቁ የትኛው መንገድ ላይ እንደሚቆም ዛሬ ተነጋግረን እንድንወስን ነው። የአዲስ አበባ ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ሰው ፎቶግራፍ ለማንሳት የሮጠው ቤቱ መፍረስ ከጀመረ በኋላ ነበር። እኛም በ2014ቱ ጦርነት ሙዚየማችን ተዘርፎ አይተናል፤ የሄደው ዕቃ ምን እንደነበር ለማወቅ እንኳ መዝገብ እንዴት እንደሚያስፈልግ ተምረናል።

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የምንጠይቃችሁ ሦስት ውሳኔዎችን ነው፦ ለቤት ለቤት ምዝገባው ባለሙያ ይመደብ፤ ምዝገባው እስኪያልቅ በእነዚህ ሰፈሮች የማፍረስ ፈቃድ ይታገድ፤ ረቂቅ ካርታውም ሳይጸድቅ በየሰፈሩ ተለጥፎ ነዋሪው ይናገርበት። ሴቶች ሊመጡ በሚችሉበት ሰዓት፣ በገበያ ቀን ሳይሆን።

እናንተ ነዋሪዎች ደግሞ የድሮ ፎቶግራፍ፣ የኪራይ ውል፣ የቤት ካርታ ካላችሁ አምጡልን፤ ኮፒ አንስተን ዋናውን እዚያው እንመልሳለን። ማን ሠራው፣ ማን ኖረበት፣ ድሮ ምን ይሸጥበት ነበር የሚለውን የምታስታውሱ አባቶችና እናቶች፣ በሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ ስማችሁን አስጽፉ። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ መዝገቡን የያዙት ልጆች ይጽፉላችኋል። እነሱ ራሳቸው ሜትርና ካሜራ ይዘው ደጃችሁ ሲመጡም በሩን ክፈቱላቸው።

አመሰግናለሁ።