ልጄን ከአስተርጓሚነት ያሰናበትኩበት እንግሊዝኛ

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ አስተማሪያችን፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሰን።

ኮሚቴው «አምስት ደቂቃ ስለ እንግሊዝኛ ትምህርቱ ጥቅም ተናገሪ» ብሎኛል። ሰው ፊት ቆሜ ስናገር የመጀመሪያዬ ስለሆነ ጽፌ ነው የመጣሁት።

አብዛኞቻችን አገር ቤት እንግሊዝኛ ተምረናል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነበር። እኔ ፓሲቭ ቮይስ የሚባለውን ሰዋስው አንድ አልሳሳትም። አሜሪካ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ ጀምሮ ግን ስለ ፓሲቭ ቮይስ የጠየቀኝ ሰው የለም።

እንደመጣን ሰሞን ልጄ ታመመችና ትምህርት ቤት ደወልኩ። «ሺ ዎንት ከም ቱዴይ» አልኩ። አትመጣም ማለቴ ነው። ጸሐፊዋ «ታዲያ ይዘሻት ነያ» አለችኝ። ደገምኩላት። ደገመችልኝ። ለካ በእኔ አፍ «አትመጣም» እና «መምጣት ትፈልጋለች» አንድ ናቸው! አሁን «ሺ ዊል ኖት ከም» ነው የምለው። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን ልጅቷ ተኝታ ትውላለች።

ይሄ የሚያስቀው ነው። የመጣሁት ግን የማያስቀውን ልነግራችሁ ነው።

ልጄ አስራ አንድ ዓመቷ ነበር። ጡቴ ላይ የሆነ እብጠት ዳሰስኩና ክሊኒክ ሄድኩ። እሷንም ይዣት ሄድኩ። ያኔ ልክ እንደ ቦርሳዬ ነበር የምይዛት። ለባንኩ እሷ፣ ለመብራት ሂሳቡ እሷ፣ ለቤት አከራዩ እሷ። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ እኔ እንደ እኛ ልማድ ትንፋሼን ወደ ውስጥ እየሳብኩ «እህ፣ እህ» እላለሁ። አዎ ማለቴ ነው። ሐኪሟ ደንግጣ «እናትሽ መተንፈስ አቃታት እንዴ?» አለቻት። ልጄ ሳቀች። እዚያ ክፍል የተሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ሐኪሟ ረዘም አድርጋ፣ ቀስ ብላ ተናገረች። የምታየው ልጄን ነው። ልጄ ወደ እኔ ዞረች። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ምን አለች?» አልኳት። ዝም።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አለች?» ጭራሽ ተቆጣኋት!

«ሌላ ምርመራ አለሽ አለች» ብላኝ አቀረቀረች።

ማታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ስታለቅስ ሰማኋት። «ራሴን አሞኝ ነው» አለችኝ። አመንኳት። በሁለተኛው ሳምንት ውጤቴን ልሰማ ስሄድ ብቻዬን ነበርኩ። ነርሷ ስልክ ደወለችና አንድ አማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ ገባ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ካንሰር አይደለም» አለኝ። ካንሰር የሚለውን ቃል የሰማሁት ያኔ ነው። ልጄ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ብቻዋን ተሸክማው ከርማለች። ቁርስ እያቀረበችልኝ!

ለካ አስተርጓሚ አለ። ያውም በነጻ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር በልጅ ማስተርጎም አይፈቀድለትም። እዚህ ጎረቤታችን ዋሽንግተን ዲሲም በፈረንጆቹ 2004 የቋንቋ ሕግ አውጥቷል፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ሊያስተናግዱን ይገባል። እኛ ግን ልጆቻችንን እንጎትታለን! ከዚያ ማኅበር ላይ «የእኔ ልጅ እኮ እንግሊዝኛውን ታቀላጥፈዋለች» እያልን እንኩራራለን። አባትየው ኪራይ እንዳልከፈለ አከራዩ ፊት ቆማ የምታስተረጉመው ያቺው ልጅ እኮ ናት! ምን ያኮራል?

እዚያ ኋላ የተቀመጣችሁ ባሎችም ስሙኝ። «እሷ እንግሊዝኛ ምን ያደርግላታል፣ እኔ አለሁ አይደል» ትላላችሁ። የት ነው ያላችሁ? ኡበር ላይ! እኔ ክሊኒክ ስገባ ባለቤቴ ቨርጂኒያ ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቀ ነበር። ሰምቶኛል፤ ቤት እንነጋገራለን።

ስለዚህ መጀመሪያ የያዝኩት ዓረፍተ ነገር ይሄ ነው፦ «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር»። የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለት ነው። እስቲ አብራችሁኝ በሉ። አልሰማሁም! እንደገና!

የቀረውን በአጭሩ። ጊዜ የለኝም ለምትሉ፣ እኔም የለኝም። ሆቴል ነው የማጸዳው፤ ሦስት ልጆች አሉኝ። በሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ፊደል ጽፌ ፍሪጅ ላይ እለጥፋለሁ። አሳንሰር ውስጥ ያገኘሁት እንግዳ ላይ እሞክረዋለሁ። «ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ፕሊዝ?»፣ እባክዎ ይድገሙልኝ ማለት ነው፣ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

«ጊቭ ሚ» አትበሉ። እኛ «ይስጡኝ» ስንል አክብሮቱ እዚያው ውስጡ አለ። የእነሱ «ጊቭ ሚ» ግን «አምጣ!» ነው። «ካን አይ ሃቭ» በሉ።

ሌላም ጽፌ ነበር፤ ሰዓቱ ሄደ። የሚቀጥለው ዙር መመዝገቢያ ወረቀት በሩ ጋ አለ። ኮሚቴው በትምህርቱ ሰዓት ልጆች የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ስላጣ፣ ባሎች እዚያም ላይ ስማችሁን ጻፉ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ እገባለሁ፤ ቡናው እስኪፈላ አልቆይም። አመሰግናለሁ።