ጋን ለማየት 45 ዩሮ

እሺ። ቀይዋ መብራት በርታለች። እየቀዳ ነው።

ዛሬ ስለ ጉዞ አወራለሁ ብዬ ነበር፤ አወራለሁም። ግን እሑድ ከእማዬ ጋር ያወራነው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ዕቃ ሳጥብ ይመጣል። ባቡር ውስጥ ይመጣል። ትናንት ስብሰባ ላይ አለቃዬ ስሜን ሁለቴ ጠርቶኝ አልሰማሁም።

ቆይ፣ ከጉዞው ልጀምር። ለልደቴ ፖርቱጋል ልንሄድ ነው።

ጄኔራሏ፣ የጉዞ ጓደኛዬ፣ ፖርቶ ካልሆነ አልሄድም ብላ ነበር። ያው እንደምታውቋት ሠንጠረዥ ሠርታ ነው የመጣችው። ባለቀለም። አንደኛ ቀን ሳኦ ቤንቶ ባቡር ጣቢያ፤ ግድግዳው ላይ ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሥዕል ያለበት ሸክላ የተለጠፈበት። ከዚያ ድልድዩን በእግር ተሻግሮ ጋያ፣ የፖርት ወይን መጋዘኖቹ ያሉበት። ሁለተኛ ቀን በባቡር ወደ ፒንያው፣ ወደ ወይን እርሻው። ወንዙ ዶሩ ነው የሚባለው። እሷ ግን «ዶሮ» ብላ ነው የጻፈችው። «ዶሮ ሸለቆ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት»። ይሄን ካየሁ በኋላ ሠንጠረዡን በቁም ነገር መውሰድ አልቻልኩም።

ቦታው ቀልድ አይደለም። በፈረንጆቹ 1756 መንግሥት ራሱ ወሰኑን የከለለው የወይን አገር ነው። ግን ያለን ሦስት ቀን ነው። ከፖርቶ ፒንያው ደርሶ መልስ አምስት ሰዓት ያህል ባቡር ላይ መቀመጥ ነው። 40 ዓመት የሚሞላኝ በመስኮት እያየሁ ነው እንዴ?

እኔ ኤቮራ አልኩ። ከሊዝበን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። አለንቴዦ የሚባለው ሰፊ የወይን አገር መሃል ያለች፣ በግንብ የታጠረች ከተማ። አንዴ ግንቡን ካለፋችሁ ሁሉም ነገር በእግር ነው። የሮማውያን ቤተ መቅደስ ዓምዶች መሃል ከተማ ላይ ቆመዋል። ምግቡን ሳይ ደግሞ አሶርዳ የሚባል አገኘሁ። የደረቀ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ የወይራ ዘይት። የፈላ ውሃ ይቸለስበትና እንቁላል ይጨመርበታል። ፍትፍት ነው በቃ። ለፍትፍት አውሮፕላን ልሳፈር ነው።

ጄኔራሏ ስለ ኤቮራ ስትፈልግ መጀመሪያ ያገኘችው ግን የአጥንቱን ጸሎት ቤት ነው። የፍራንሲስካውያን መነኮሳት ሥራ ነው። ግድግዳውም ዓምዱም በሰው አጥንትና በራስ ቅል የተሸፈነ። የአምስት ሺህ ሰው ያህል ነው ይባላል። በሩ ላይ «እዚህ ያለነው አጥንቶች የናንተን እንጠብቃለን» የሚል ተጽፏል። ደወለችልኝ። «ለልደትሽ?» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ግን ተስማማች። ለምን እንደተስማማች አልገባኝም። ደክሟት ይሆናል።

እና አሁን... ወደ ጋኑ እንምጣ።

ኤቮራን የመረጥኩት ለአጥንቱ አይደለም፣ ለጋኑ ነው። አለንቴዦ ውስጥ ወይን በጋን ይጠምቃሉ። ታሊያ ይሉታል። ከሮማውያን ጊዜ ጀምሮ ነው፣ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት። የጋኑን ውስጥ በጥድ ሙጫ ይቀቡታል። ወይኑን ጨፍልቀው ከነልጣጩ ይከቱታል። እዚያው ይፈላል። ልጣጩ ወደ ላይ እየተንሳፈፈ ያስቸግራል፣ በእንጨት እየደፈቁ ይመልሱታል። ኋላ ላይ ራሱ ይሰጥማል። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 11፣ በቅዱስ ማርቲን ቀን፣ ከጋኑ ታች ያለችውን ቀዳዳ ይከፍታሉ። ወይኑ በገዛ ልጣጩ ውስጥ እያለፈ፣ ተጣርቶ፣ ኩል መስሎ ይወርዳል። የራሱ አተላ ያጣራዋል በሉት።

ይሄን ሳነብ የኛ ጓሮ ነው የመጣብኝ። የእማዬን ጠላ ቤት ታሪክ ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ጣሳዋን እንጨት ላይ ደፍታ ደጃፍ ስትሰቅል፣ እኔ ጋኑ እንዳይንከባለል ሥሩ ድንጋይ የምወትፈው ልጅ ነበርኩ። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» እያለች በእኔ ትቀልዳለች። አጭር ነበርኩ። አሁንም ነኝ።

እሑድ ስትደውል ላፕቶፔ ላይ የጋኖቹ ፎቶ ተከፍቷል። ሆዳቸው የተነፋ፣ ሰው የሚያህሉ። አንዳንዱ ከአንድ ሺህ ሊትር በላይ ይይዛል። እና ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «እማዬ፣ ጋኑን በምን ነበር የምታጥቢው?»

«በግራዋ ነዋ!» አለች።

እንዴት ደስ እንዳላት ብታዩ። ለወትሮው ከሦስት ደቂቃ በኋላ «ካርድሽን አልጨርስብሽ» የምትል ሴትዮ ናት። በኢንተርኔት እኮ ነው የምትደውለው፤ እሱን ስንት ዓመት አስረዳኋት። አሁን ግን የሚያቆማት የለም። ግራዋው ለጋ ይሁን። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይታሻል፣ ይለቀለቃል። ፀሐይ ላይ ይደፋል። ከዚያ የወይራ እንጨት ለኩሶ፣ የጋኑን አፍ ጭሱ ላይ ደፍቶ ማጠን። ጭሱን ካልጠገበ ጠላው ጠላ አይሆንም። ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ድፍድፉ... አሥራ ሁለት ደቂቃ። ቆጥሬዋለሁ።

ከዚያ ድንገት ቆም አለች። «ግን ለምን ጠየቅሽኝ?»

እና እኔ ምን አልኩ? «ለሥራ ነው» አልኩ። «ፖርቱጋል ሊልኩኝ ነው።»

እኔ! የኮንቴይነር ደረሰኝ የማስተካክል ሰው!

ዝም አለች። ኔትወርኩ ይሁን እሷ አላውቅም። ከኋላዋ የጎረቤት ዶሮ ይጮኻል፤ ስለዚህ ኔትወርኩ አይደለም። «ለሥራ ጋን ምን ያደርግላችኋል?» አለች። በቁጣ አይደለም። እንዲሁ። እኔ «ማጓጓዝ ነው... ዕቃ» ምናምን አልኩ።

«መቼ ነው?»

«ኅዳር 2።»

«ጽጌ አልወጣም እኮ» አለች። ትንሽ ቆየች። «እሺ። ይቅናሽ።»

ይቺን ነው የማመላልሳት። «እሺ። ይቅናሽ።»

እማዬ ሁለት ዓይነት ይቅናሽ አላት። አንዱ የእውነት ነው፤ ፈተና ስሄድ ግንባሬን ይዛ የምትለው። ሌላው የዱቤ ነው። ጠላ ጠጥተው «ነገ ደመወዝ ነው፣ ነገ እከፍላለሁ» ለሚሉት። ነገ ደመወዝ እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች፣ ሰውዬውም ያውቃል፣ ድንጋይ የምወትፈው እኔም አውቃለሁ። ብርጭቆውን እያነሳች «እሺ፣ ይቅናህ» ትላለች። ድምጿ አይቀየርም። ችግሩ እሱ ነው፤ ሁለቱ በድምፅ አይለዩም።

እና የጾሙ ነገር። ለሥራ የሚሄድን ሰው ጽጌ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ወይስ ሁሌም እንደምትለው ነው? ምናልባት ምንም አይደለም።

ደግሞ በመሃል አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሳልረሳው። የጋን ወይኑ ዋና ቦታ ቪላ ደ ፍራዴስ ነው፤ ከኤቮራ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። የምትጎራበታት ከተማ ቪዲጌይራ ናት። የቪዲጌይራ ካውንት ማን ነበር? ቫስኮ ዳ ጋማ። ልጁስ? ያ በፈረንጆቹ 1541 አራት መቶ ወታደር ይዞ ምጽዋ የወረደው፣ በማግሥቱ ዓመት እኛ አገር ተማርኮ የተገደለው ክሪስቶፈር ዳ ጋማ። የተረፉት ፖርቱጋሎች ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ። ወይና ደጋ። ወይን ያለበት ደጋ እኮ ነው። ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ቃሉን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ይሄን ለጄኔራሏ ስነግራት «በሠንጠረዡ የት ላስገባው?» አለችኝ።

የት ነበርኩ?

ለምን እንደዋሸሁ። ለልደቴ ልዝናና ነው ብል ምን ትለኛለች? ምንም አትልም። እልልታ ነው የምታሰማው። አዝናኚኝ ብላ ብር ጠይቃኝ አታውቅም፣ የቤቷን ጣሪያ ራሱ ላሠራልሽ ብዬ እኔ ነኝ ግድ ያልኳት። ግን ቅምሻው 45 ዩሮ ነው፣ ለአንድ ሰው። ሦስት ጋን ያሳያሉ፣ ያቀምሳሉ፣ አይብና ዳቦ አለው። ይሄን ለእሷ በአማርኛ እንዴት ነው የሚባለው? «እማዬ፣ ጋን ለማየት ልከፍል ነው።» ዩኒፎርሜ ወይራ ወይራ እየሸተተ ክፍል ውስጥ መስኮት አጠገብ እቀመጥ ነበር። እናትሽ ምንድን ናት ሲሉኝ «ነጋዴ» እላለሁ። ያኔም ዋሸሁ ማለት ነው? ነጋዴ ናት እኮ። አይ፣ እሱን ሌላ ቀን። እሱን አልፌዋለሁ። አልፌዋለሁ መሰለኝ።

ጄኔራሏ ባቡሩን ቆርጣለች። ማደሪያውንም። መኪናውን እሷ ትነዳለች፣ አትጠጣም። የቅምሻውን እኔ ነበርኩ የምከፍለው። ገጹ ከእሑድ ጀምሮ ተከፍቶ ነው ያለው። 2 ሰው፣ 90 ዩሮ።

ትናንት ማታ ደግሞ እማዬ ቮይስ ላከች። 40 ሰከንድ አይሞላም። «ለነዚያ ለሥራ ባልደረቦችሽ ንገሪያቸው» ትላለች፣ «ወይራው ደረቅ ይሁን። እርጥብ ከሆነ ይመራል።» ከዚያ ዝም። ከዚያ መጨረሻ ላይ ትንሽ ድምፅ አለ። ሳቅ የሚመስል። ወይም ሳል፤ ሰሞኑን ብርድ ነክቷታል።

ስድስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ላሰማችሁ ነበር፣ ግን እሷን ሳላስፈቅድ... አይሆንም።

ሳል ነው መሰለኝ።

ቆይ፣ አንዴ ልስማው።