ለአንዲት ብልቃጥ ቅባት

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ። የተጠራሁት የዓመቱን ሪፖርት እንዳነብ ነው። አነባለሁ፤ አትቸኩሉ። ገንዘቡ አልጎደለም፣ ሒሳቡ ገጥሟል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

በረዶው የበረታ ሰሞን እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ቤት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ተቀምጠን ሳለ አንድ ስልክ ጮኸ። ባለቤቱ ደንግጦ ወጣ። ወዲያው ሌላ ጮኸ። ከዚያ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ቤቱ ጭር አለ። ሰው አገር የሚኖር ሰው የማያውቀው ቁጥር ሲደወልለት ምን እንደሚያስብ ለእናንተ አልነግርም። መርዶ ነው የሚመስለው። አንዷ እህታችንማ ስልኩን ሳታነሳ ማልቀስ ጀመረች። ቢጣራ የሁሉም ደዋይ አንድ ነው፦ «ጓደኛዎ ነፃ ስጦታ ልከውልዎታል!»

ነፃ ስጦታ! ለቅሶ ቤት!

ጓደኛችን ማን እንደሆኑ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ስማቸውን አልጠራም። እናታችን ናቸው፣ እዚሁ ተቀምጠዋል፣ ታሪኩን እንድናገርም ፈቅደውልኛል። በስልካቸው የፊት ቅባት ናሙና በነፃ የሚል ማስታወቂያ አዩ። የሚከፈለው የፖስታ ብቻ፣ 4 ዶላር ከ95 ሳንቲም። ስም ሞሉ፣ አድራሻ ሞሉ፣ የትውልድ ቀን፣ የካርድ ቁጥር። ቀጥሎ «አፑን ካወረዱ ሁለተኛ ብልቃጥ እንጨምራለን» አላቸው። አወረዱ። አፑ ስልካቸው ውስጥ የተመዘገበውን ቁጥር ሁሉ ለማየት ፈቃድ ጠየቀ። እሺ አሉ። እዚያ ስልክ ውስጥ ያለነው ደግሞ እኛ ነን፤ ስማችን ጎን «እድር» ተብሎ ተጽፎ!

ቅባቱ መጣ። ብልቃጧ አውራ ጣቴን አታክልም። በ15ኛው ቀን ከካርዳቸው 87 ዶላር ተቆረጠ። በወሩም እንዲሁ። ለካ ናሙናውን መቀበል ማለት ወርሃዊ ደንበኛ መሆን ነበር። ተጽፏል እኮ፤ የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል።

መርካቶ ማር የገዛ ሰው ቅምሻ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሻጩ ጣታችን ላይ ጠብ ያደርግልናል፣ እንልሳለን፣ ካልጣመን እንሄዳለን። እህል ሻጯም ምራቂ ትጨምርልናለች። ስማችሁን ማን ጠየቃችሁ? የጎረቤታችሁን ስልክ ማን አምጡ አላችሁ?

አንዳንዶቻችሁ «እኔ የምደብቀው የለኝም» ስትሉ እሰማለሁ። ይሁን፣ የራሳችሁን ስጡ! የእኔን ማን ስጡ አላችሁ? ቁጥሬን ለዚህ እድር የሰጠሁት ክፉ ቀን ሲመጣ እንድትደርሱልኝ ነው። ለፊት ቅባት መመንዘሪያ አይደለም!

ሁሉም ሌባ ነው አላልኩም። ልጄ ስትወለድ ዳይፐርም የዱቄት ወተትም በነፃ መጥቶልኛል፣ በደስታ ተቀብያለሁ። ልጅቷ ዳይፐር ከተወች በኋላም ማስታወቂያው መምጣቱን አላቆመም። ግን የሰጠሁት የራሴን አድራሻ ነው፤ የተቸገርኩትም እኔው።

ሕግማ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያለ የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው እንዲህ ያለ ተደጋጋሚ ክፍያ ካለው አስቀድሞ በግልጽ እንዲናገር፣ ፈቃድ እንዲቀበል፣ ማቋረጫውንም ቀላል እንዲያደርግ ያዛል። በቨርጂኒያ ከ2023፣ በእኛ በሜሪላንድ ደግሞ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ሕጉ የሚመለከታቸውን ኩባንያዎች «መረጃዬን ሰርዙ» ማለት ይቻላል። ግን ማንን እንበል? እናታችን የደወሉበት ቁጥር አይሠራም። ባንኩ ካርዳቸውን ቀየረላቸው፣ ቆረጣው ቆመ። የእኛን የሁላችንን ስልክ ማን ይቀይርልን?

ናሙና የምትወዱ፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን ኢሜይል ክፈቱ። ካርድ ከጠየቀ ነፃ አይደለም። ቁጥሮቻችሁን ልይ ካለ እምቢ በሉ። የቀረውን ልጆቻችሁ ያሳዩአችኋል።

ወደ ሪፖርቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የእድራችን የስልክ ግሩፕ ላይ የተለጠፈው የአባላት ስም ዝርዝር ዛሬውኑ ይነሳ። ከሊቀመንበሩና ከጸሐፊው እጅ አይውጣ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ። ገንዘብ ያዣችን፣ እስቲ ቁጠርልን። እናታችን፣ አንድ እጅ ይበቃል።