ከማሽኑ የማይወጣው ቁልፍ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው በየዕለቱ የምሠራውን ሥራ ነው፤ ይኸውም በደንበኛ ሰርተፍኬት፣ ማለትም የላኪው ማሽን ማንነቱን በሚያሳይበት ዲጂታል መታወቂያ፣ ማንነትን አረጋግጦ ፋይል ወደ ሰርቨር መጫንን ይመለከታል። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እያለ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ ብለው የሚጠይቁኝ ባልደረቦች አሉ፤ ጥያቄው በቂ መልስ የሚገባው ነው።

የይለፍ ቃል ምንም ያህል በተመሰጠረ መስመር ቢጓዝ፣ መጨረሻ ላይ ሰርቨሩ ዘንድ እንዳለ ይደርሳል። ላኪው ተታሎ ሐሰተኛ ሰርቨር ላይ ካረፈ፣ ምስጢሩን በገዛ እጁ አስረክቧል ማለት ነው። በሰርተፍኬት ሲሆን ግን ምስጢሩ ራሱ አይጓዝም፤ የሚጓዙት ሰርተፍኬቱና ፊርማ ብቻ ናቸው። ግንኙነቱ ሲጀመር ሰርቨሩ የራሱን ሰርተፍኬት አሳይቶ የእኛንም ይጠይቃል፤ የእኛ ማሽን ሰርተፍኬቱን ከላከ በኋላ፣ ሁለቱ እስከዚያች ቅጽበት በተለዋወጡት መልእክት ላይ በግል ቁልፉ፣ ማለትም ለማንም በማይሰጠው የምስጢር ቁልፍ፣ ይፈርማል። ፊርማው ከዚያ ግንኙነት ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ቢቀዳው እንኳ በሌላ ግንኙነት አይሠራለትም። መስመሩን በሚመሰጥረው ደንብ በቲኤልኤስ (TLS) ቀደም ባለው እትም 1.2 ሰርተፍኬታችን ሳይመሰጠር ያልፍ ስለነበር፣ መስመሩን የሚከታተል ሁሉ የድርጅቱን ስም ማንበብ ይችል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ቲኤልኤስ 1.3 ይህን ሸፍኖልናል።

ስለዚህ የጥበቃው ሁሉ መሠረት ቁልፉ ከተፈጠረበት ማሽን አለመውጣቱ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። አንድ አጋር ድርጅት ቁልፉን እሱ ራሱ ፈጥሮ፣ ከሰርተፍኬቱ ጋር ሁለቱን አብሮ በሚይዝ አንድ የፒ12 (.p12) ፋይል ጠቅልሎ፣ የፋይሉን የይለፍ ቃል እዚያው ኢሜይል ላይ ጽፎ ላከልን። ያሰቡት ሥራ ሊያቀሉልን እንደነበር አልጠራጠርም። ነገር ግን ያ ቁልፍ በእነርሱ ኮምፒውተር፣ በሁለቱ የኢሜይል ሰርቨሮችና በእኛ መልእክት ሳጥን ውስጥ ቅጂው ቀርቷልና፣ በእርሱ የተፈረመ ነገር የእኛ ብቻ ነው ብሎ ማንም ሊመሰክር አይችልም። ስለዚህ ቁልፉን በራሳችን ማሽን ላይ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል (OpenSSL) በተባለው የምስጠራ ፕሮግራም ፈጥረን፣ ፋይሉን የሚልከው ፕሮግራም ብቻ እንዲያነበው ፈቃዱን አጥብበን፣ የሕዝብ ቁልፉን፣ ማለትም ማንም ቢያየው የማይጎዳውን የግል ቁልፉን ጥንድ፣ የያዘውን የሰርተፍኬት ጥያቄ ብቻ ላክንላቸው፤ እነርሱም ፈርመው መለሱልን። የጠየቀው ተጨማሪ ድካም ከአንድ የኢሜይል ልውውጥ አይበልጥም።

የሰርቨሩ ሰርተፍኬት ተቀባይነት ሲያጣ ደግሞ አንዳንድ ሰዎች ፋይል የሚልከውን ከርል (curl) የተባለ ፕሮግራም የሰርቨሩን ማንነት እንዳያጣራ ያዙታል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። እርግጥ ነው ሐሰተኛው ሰርቨር የግል ቁልፋችንን አያገኝም፤ ፋይሉን ግን እንዳለ ይረከባል። የተላከው የደመወዝ ዝርዝር ወይም የሕሙማን መረጃ ከሆነ፣ ቁልፉ መትረፉ ለማን ይጠቅማል?

ሌላው ብዙዎችን የሚያደክመው፣ ትንሹ ፋይል እየሄደ ትልቁ በ413 ስሕተት፣ ማለትም የተላከው ከመጠን በላይ ነው በሚል የሰርቨር መልስ፣ የሚመለስበት ሁኔታ ነው። አፓቼ (Apache) የተባለው የድር ሰርቨር ፕሮግራም ሰርተፍኬት የሚጠይቀው ለአንድ ማውጫ (ፎልደር) ብቻ ተብሎ ከተዋቀረ፣ የትኛው ማውጫ እንደተፈለገ የሚያውቀው ጥያቄው ከደረሰው በኋላ ነው፤ በቲኤልኤስ 1.2 ድርድሩን፣ ማለትም ማንነት የሚረጋገጥበትን ልውውጥ፣ እንደገና እስኪጨርስ ድረስ መድረስ የጀመረውን ፋይል ማኅደረ ትውስታ ላይ ማቆየት አለበት። ለዚህ የተመደበለት ቦታ ካልተቀየረ 131,072 ባይት፣ ማለትም 128 ኪሎባይት ነው። ቁጥሩን ማሳደግ ይቻላል፤ እኔ የምመርጠው ግን ለመጫኛው የተለየ አድራሻ ሰጥቶ ሰርተፍኬቱን ከመጀመሪያው መጠየቅ ነው፤ ያን ጊዜ ያልተፈቀደለት ሰው ፋይሉ ሳይስተናገድ ገና ከበሩ ይመለሳል።

የማብቂያ ጊዜውን በተመለከተ፣ ሰርተፍኬቱ ላይ የሚጻፈው በግሪንዊች ሰዓት መሆኑን ልብ በሉ፤ 23:59 ላይ ያበቃል የሚል ሰርተፍኬት አዲስ አበባ ላይ የሚያበቃው በማግስቱ ሌሊት 8 ሰዓት ከ59 ነው፤ የሌሊቱ ፋይል የሚላከው ከዚያ በኋላ ከሆነ ጠዋት የሚጠብቀን ያልደረሰ ፋይል ነው። እኔ እድሳቱን ከወር በፊት እጀምራለሁ፤ በአሮጌው ቁልፍ ላይ አዲስ ቀን ከማስለጠፍም፣ እዚያው ማሽን ላይ አዲስ ቁልፍ እፈጥራለሁ።