ከመቦርቦራችን በፊት እንጠይቅ

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ አጋሮቼ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ታካሚው ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ አፍ እናስከፍታለን፣ የተበላውን እንቦረቡራለን፣ እንሞላለን፣ እንሸኛለን። በሽታው ግን አብሮት ቤቱ ይሄዳል። ቆይቶ በሌላ ጥርስ ሲመጣ ደግሞ "አይቦርሽም" ብለን እሱኑ እንወቅሳለን!

እስቲ መጀመሪያ የታካሚው ጥርስ ለመበላት ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ እንጠይቅ። ባለፉት 3 ዓመታት አዲስ የተበላ ጥርስ ነበር? የነገውን የዚህን ያህል የሚጠቁም ነገር የለም።

ቀጥሎ ስኳር። "ጣፋጭ ያበዛሉ?" አትበሉ፤ መልሱ ሁሌም "ኧረ እኔ!" ነው። "ትናንት ከተነሡ እስኪተኙ አፍዎ የገባውን ሁሉ ይንገሩኝ" በሉ። ያኔ ነው ሥራ ላይ ከጠዋት እስከ ምሳ አንዴ ፉት አንዴ ተወት የሚደረገው ስኳር ያለው ሻይ ብቅ የሚለው። ሰውየው አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው የጠጣው፣ አልዋሸም። ግን በየፉቱ ባክቴሪያዎቹ አሲድ ይሠራሉ፣ ፒኤች (የአሲድ መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው) ወደ 5.5 ሲወርድ ኢናሜል፣ ማለትም ጠንካራው የጥርስ ሽፋን፣ ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል፣ ምራቅ ደግሞ ነገሩን ለመመለስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ፉቱ በየ20 ደቂቃው ከሆነ መቼ ይድረስ? ያንኑ ሻይ ከምግብ ጋር አንዴ ቢጨርሰው ይሻለው ነበር።

ምራቅ ካነሳን አይቀር፣ መድኃኒት ጠይቁ። የድብርት፣ የአለርጂ፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች አፍ ያደርቃሉ። መመርመሪያ መስታወታችሁን ጉንጩን ከውስጥ በኩል ነካ አድርጉበት፤ ከተጣበቀ ምራቅ አንሷል ማለት ነው። ሌላ መሣሪያም ወጪም አይጠይቅም።

አሁን እንይ። ጥርሱን በአየር አድርቁና ድድ ዳር ተመልከቱ። ኖራ የመሰለ፣ የማያብረቀርቅ ነጭ ነጠብጣብ ካለ መበስበሱ ጀምሯል፤ ግን ላዩ ገና ተቀዶ ጉድጓድ አልሆነም። በሹል መሣሪያ አትጎርጉሩት፣ ራሳችሁ ትቀዱታላችሁ! የሱ መድኃኒት ፍሎራይድ ቫርኒሽ፣ ጥርስ ላይ የሚቀባው ማጠንከሪያ ነው።

ተጋላጭነቱ ከፍ ያለውን በ3 ወር ቅጠሩት። ዝቅ ያለው አዋቂ ዓመትም፣ ከዚያ በላይም ቢቆይ ችግር የለውም። ሁሉንም በየ6 ወሩ መቅጠር ልማድ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም፣ እኔ እንደሚመስለኝ።

"ሰልፉ ረጅም ነው" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እሺ፣ ጥያቄዎቹን ወረፋ ሲጠብቅ ይሙላው። የተጋላጭነቱን ውጤት ካርዱ ላይ ጻፉት፤ አዲስ መድኃኒት ሲጀምር ወይም ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ሲያስር ይለወጣልና በየቀጠሮው እንደገና ጠይቁ።

አመሰግናለሁ። የማትስማሙበት ካለ አሁኑኑ እንከራከር።