ስንቋን ከዘበኛዋ ጋ የምትካፈል ወፍ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን የሐይቅ ሰዎች፣ እናቶቼ አባቶቼ እናንተም ልጆች። ስራ አስፈትቼ ስለ ወፍ ላወራ ነውና አፉ በሉኝ፣ ግን ባዮሎጂ ሳስተምር እንደዚህ አንጀቴን የበላው ነገር የለም።

ያቺ መስከረም ጥቅምት ላይ ሐይቁ ዳር የምትመጣዋ፣ ሆዷ ቢጫ፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ከከብቱ እግር ስር ትንኝ የምትለቅመው፣ አዎ እሷ፣ ከአውሮፓና ከእስያ በርራ ነው የመጣችው። 17 ግራም ገደማ ነች፣ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። እኛ መንገድ ስንወጣ በሶ እንደምንቋጥረው የሷ ስንቅ ከቆዳዋ ስር ያጠራቀመችው ስብ ነው።

ችግሩ ስንቁን የሚበላው ክንፏ ብቻ አይደለም። ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት የተመለሰ ሰው አይታችሁ የለ? ሲነሳ ልብሱ ይሰፋዋል። ያ ስጋ የት ሄደ? ትኩሳቱ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ነጭ የደም ሴል ማባዛቱ፣ በሽታውን የሚዋጋ አንቲቦዲ መስራቱ ሁሉ ካሎሪ ነው፣ ምግቡ ደሞ አልዋጥ ይላል። ወፍም ላይ ያው ነው። በፈረንጆች 2001 በወጣ ጥናት ግሬት ቲት የሚባሉ ትንንሽ ወፎችን የበግ ቀይ የደም ሴል ወጓቸው፣ ልብ በሉ በሽታ አይደለም፣ የሰውነታቸውን ዘበኛ፣ በሽታ የሚከላከለውን፣ ብቻ ነው የቀሰቀሱት፣ እና ቁጭ ብለው የሚያቃጥሉት ኢነርጂ ወደ 9 በመቶ ጨመረ። እነሱ እንኳን ያኔ ሩቅ እየበረሩ አልነበረም!

ታዲያ መንገደኛዋ ምን ታድርግ? አውሮፓ ውስጥ ብላክበርድ የሚባል ወፍ አለ፣ ከፊሉ ይሰደዳል ከፊሉ እዛው ይከርማል፣ በመጸው ደማቸው ሲታይ የተሰዳጁ የመከላከል አቅም ዝቅ ያለ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ዘበኛውን ቀነስ አድርጋ ነው የምትሄደው። መንገደኛ ወፍ ከታመመች ደግሞ ትዘገያለች፤ በፈረንጆች 2007 በወጣ ጥናት ኔዘርላንድስ ውስጥ ቀላል የወፍ ጉንፋን የያዛቸው ሁለት ስዋን የሚባሉ ትልልቅ የውሃ ወፎች ከጓደኞቻቸው ከወር በላይ ዘግይተው ነው የተነሱት።

የሚገርመኝ ግን ይሄኛው ነው። ጀርመን ሄልጎላንድ ደሴት ላይ መንገድ ላይ የነበሩ ወፎች ተይዘው ጥቂት ቀን ሲያርፉ የመከላከል አቅማቸው ከፍ አለ፣ ማለት ማረፊያው ስብ መሙያ ብቻ ሳይሆን ዘበኛው የሚመለስበትም ነው። እኛ ሐይቃችንን ስናይ አሳና ውሃ፣ ገዳሙን እስጢፋኖስን ነው የምናስበው፣ ለሷ ግን ሐይቃችን መታከሚያዋ ነው በሉት።

ስለዚህ ልጆች፣ ከብቱን አሰማሩ ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ከብቱ ትንኙን እያስነሳ ያበላታል። ወንጭፉን ነው የምለምናችሁ። አንዴ ባባረራችኋት ቁጥር ካላት ትንሽዬ ስብ ላይ ይቀነሳል፣ ስትሸሽ ደሞ አትለቅምም። እናንተ እረኞች ነገ ጠዋት ሳሩ ጋ ስትደርሱ እሷን ቆም ብላችሁ እዩልኝ፣ ስንት ጊዜ እንደምትለቅም ቁጠሩና ሰኞ ክላስ ንገሩኝ።